የልዋዚ ውለታ

ዞር ብዬ አላየውም፣ ካየሁት ሰላም ይለኛል፣ ሰላም ካለኝ ደግሞ አለቀልኝ፣ ልዋዚ ማስክ አድርጎም ሲስቅ የሚያስታውቅ ሰው ነው፣ ዓይኑ ነው የሚስቀው፣ ከኋላዬ ጥቂት ሰው አልፎ ቆሟል፣ ስንመጣ አይቼዋለሁ፣ የፓርቲውን ቲሸርት አልለበሰም፣ እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድበትን ግራጫ ኮት ነው ያደረገው፣ ለራሱ ድምፅ ሊሰጥ ነዋ የመጣው፣ ሰው ለራሱ ድምፅ ሲሰጥ ምን ይሰማው ይሆን፣ እኔ እንኳን ለራሴ ለማንም ሰጥቼ አላውቅም። አርባ አልፎኛል። አንድም ቀን። ዛሬ ነው፣ ዛሬ ሰኞ፣ ለምርጫው ሱቅ ሁሉ ተዘግቶ የምንነግድበት ጀፕ ጭር ባለበት ቀን፣ ሰፈራችን ዮቪል እዚህ ትምህርት ቤት በር ላይ ተሰልፌ።

ተመስገን ጌታዬ፣ ከቤት ስወጣ ብያለሁ፣ አሁንም እላለሁ፣ እግሬ ቢያመኝም፣ ፀሐዩ አናቴን ቢመታኝም፣ ድምፅ ማጉያ የያዘው ሰውዬ ማንኛውም መራጭ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ሳያደርግ ወደ ምርጫ ጣቢያው አይገባም እያለ ቢያደነቁረኝም፣ ተራርቃችሁ ቁሙ ብለው መሬቱ ላይ ፕላስተር ለጥፈዋል፣ ማን ሰምቷቸው፣ በአንድ ክፍል ሦስት ቤተሰብ የሚያድርበት ሰፈር ሰው ተራራቅ ሲሉት ከየት ያመጣዋል፣ ከፊታችን ያለችው አሮጊት ታጣፊ ወንበር ይዛ መጥታለች፣ ትቀመጣለች፣ ትነሳለች፣ ወንበሯን ትጎትታለች፣ እንደገና ትቀመጣለች፣ የመጀመሪያው ጊዜ ወንበር አልነበረኝም አለቻት ለልጄ ለኤፍራታ፣ በፈረንጅ ዘጠና አራት፣ ቀኑን ሙሉ ቆሜ ነው የዋልኩት፣ ድካም የሚባል ነገር አላስታውስም፣ ጫማዬን ግን አስታውሳለሁ፣ አዲስ ነበር። በዚህ አገር ጥቁር ሰው ድምፅ መስጠት ከጀመረ ገና ሃያ ሰባት ዓመቱ። አሰብኩት እንጂ አላልኩም፣ ይህ መንግሥት ከልጄ ብዙም አይበልጥም፣ ታላቅ ወንድሟ ቢሆን ነው፣ እንደ ጎረምሳ ይሰብራል፣ እንደ ጎረምሳ ይምላል፣ ደግሞ ደህና ቀን ሲኖረው ሰው ያደርግሻል።

ማሚ፣ ጠጋ በይ፣ ትላለች ኤፍራታ፣ ልጄ፣ አሥራ ስምንት ዓመቷ፣ የእሷም የመጀመሪያዋ ነው፣ እዚሁ ከተማ ሂልብሮው ተወልዳ በዙሉ የምትሟገት በአማርኛ የምትጸልይ ልጅ፣ ከጠዋት ጀምሮ አኩርፋኛለች፣ ቁርስ ላይ ለልዋዚ ብሰጠውስ ስላልኩ ነው፣ ጮክ ብዬ ማሰቤ ነበር፣ ሲሪየስ ነሽ? አለችኝ ዳቦውን አስቀምጣ፣ ፖስተሩን አላየሽም? እንዴት አላየውም፣ የመብራት እንጨቱ ሁሉ ላይ ተለጥፎ፣ የልዋዚ ፊት፣ ከሥሩ የፓርቲው ስም፣ ከስሙ ሥር በትልቁ፣ አገራችን ለዜጎቻችን፣ የውጭ ሰው ወደ አገሩ። ሰፈር ውስጥ የሚያውቁን ሁሉ ፖስተሩን ያዩና እኔን ያያሉ፣ ምክንያቱም ልዋዚ ለእኛ ቤት ምን እንዳደረገ ያውቃሉ፣ አንድ ሕንፃ ላይ ነን፣ እሱ ከታች እኛ አራተኛ ፎቅ፣ ምሥጢር የለም።

እኔ ዜጋ ነኝ። አይዲዬ ቦርሳዬ ውስጥ ነው፣ በጣቴ እዳብሰዋለሁ፣ አለ። ከኮሮና በፊት ባለው ዓመት እጄን አንስቼ ማልኩ፣ የኢትዮጵያን ፓስፖርቴን መለስኩ፣ ማርቆስ ባሌ እኔስ ፓስፖርቴን አልሰጥም ብሎ በመኖሪያ ፈቃዱ ቀረ፣ አልተጣላንም፣ አንድ ቤት ውስጥ ሁለት አገር ይኖራል አልን፣ የማልኩ ቀን ግን ወደ ቤት ስመለስ ታክሲ ውስጥ እንባዬ መጣ፣ ማቆም አቃተኝ፣ ታክሲው የልዋዚ ነበር፣ የዮቪል መስመር የእሱ ነው፣ በመስታወቱ አየኝና ሲሲ፣ እህቴ ማለቱ ነው፣ ምን ሆንሽ አለኝ፣ ዜጋ ሆንኩ አልኩት፣ ታዲያ ዜጋ መሆን ያስለቅሳል? ያስለቅሳል አልኩት። ሮኪ ጎዳናን እስክንጨርስ ድረስ ጡሩምባውን እየነፋ ሄደ፣ ሠርግ መስሏቸው ሰዎች ሲያጨበጭቡ፣ ያኔም አመስግኜዋለሁ፣ እንግዲህ ያ ገና ትንሹ ነው።

ሰልፉ ተንቀሳቀሰ። ቆመ።

ትልቁ ጥር ላይ ነው። ማርቆስ ትንፋሽ ያጠረው ጠዋት። ሱቃችን ጀፕ ነው፣ ብርድ ልብስና መጋረጃ፣ ኮሮናን ከዚያ ነው ይዞት የመጣው፣ ሳል ነው ሲል፣ ብርድ ነው ሲል፣ አንድ ጠዋት ከንፈሩ ጠቆረ፣ አምቡላንስ ጋ ደወልኩ፣ ጠብቁ አሉኝ፣ ደግሜ ደወልኩ፣ ጠብቁ፣ የአገሬ ልጆች ጋ ደወልኩ፣ መኪና ያላቸው ጋ፣ አልፈርድባቸውም፣ ሁሉም ቤት ልጅ አለ፣ ሁሉም ሰው ያን ሰሞን ሰው ቀብሯል፣ እኔም ብሆን እፈራ ነበር፣ ኤፍራታ ናት ሮጣ ወርዳ የልዋዚን በር የደበደበችው። መጣ። ሊፍቱ እንደ ልማዱ ሞቷል። ማርቆስን አየው፣ ማስኩን አጠበቀ፣ ተንበረከከና ጀርባውን ሰጠው፣ አዘለው፣ ባሌን፣ ያን የሚያህል ሰውዬ፣ እንደ ሕፃን አዝሎ አራት ፎቅ ወረደ፣ ማርቆስ አንገቱ ላይ እየሳለበት፣ እኔ ከኋላ ኪሎ የማይሞላ ቦርሳ ይዤ መከተል እያቃተኝ፣ እሱ ግን በየመታጠፊያው ቆም እያለ፣ ባባ ማርቆስ አለህ? አለህ? ይለዋል፣ ማርቆስ መልስ ሲያቅተው ትከሻውን ይቆነጥጠዋል፣ ያ መልስ ነበር፣ አለሁ ማለቱ ነበር።

መስኮቱን ሁሉ ከፍቶ ነዳ። ሆስፒታሉ በር ላይ ተቀበሉን፣ እኔን አላስገቡኝም፣ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ፣ ልዋዚ አጠገቤ ተቀመጠ፣ ሂድ ሥራህን አልኩት፣ የትኛውን ሥራ አለኝ። እውነቱን ነው፣ እንደፈራውም በሽተኛ ጭኗል ተብሎ ከታክሲ ተራው አገዱት፣ ቤቱ ገብቶ ከሚስቱ ተለይቶ ተኛ፣ ምግብ ሠርቼ በሩ ላይ አስቀምጥ ነበር፣ ከውስጥ ሆኖ፣ ሲሲ ፊቤ በርበሬውን ቀንሺ እንጂ ኮሮና ሳይሆን አንቺ ነሽ የምትገድይኝ ይለኛል፣ እየሳቅኩ ደረጃው ላይ አለቅሳለሁ። ማርቆስ ተረፈ። ኦክስጅኑን ይዞ ወጣ፣ ከዚያ ያለ ኦክስጅን፣ ከዚያ እስከ መስኮቱ፣ ከዚያ እስከ ሱቁ። ተመስገን። ከዚያ ወዲህ ልዋዚ አንድም ቀን፣ አንድም ቀን አስታውሶኝ አያውቅም። የሚያስቸግረኝም ይኸው ነው፣ አንድ ቀን እንኳ አንስቶት ቢሆን ሸክሙ ይቀለኝ ነበር።

ከዚያ ክረምቱ ላይ፣ የእነሱ ክረምት፣ ሐምሌ ቅዝቃዜው አጥንት በሚበላበት፣ መጣ ቤታችን፣ ኮፍያውን አውልቆ፣ ሻይ አፈላሁለት፣ ከሌላ ሰው ከምትሰሙት ብዬ ነው አለ፣ ለካውንስለር፣ ለሰፈሩ የምክር ቤት ወንበር፣ ልወዳደር ነው፣ የፓርቲውን ስም ነገረን። ማርቆስ ስኒውን አስቀመጠ። ልጄ ሥራ የለውም፣ አለ ልዋዚ፣ ተምሯል፣ ዲፕሎማ አለው፣ ቤት ተኝቶ ይውላል፣ የሚያዳምጡኝ እነሱ ብቻ ናቸው፣ ይውጡ የምንለው እናንተን አይደለም ሲሲ፣ ፔፐር፣ የመኖሪያ ወረቀት፣ የሌላቸውን ነው። እኔም ያለ ፔፐር ነው የመጣሁት አልኩት፣ ማላዊን ያቋረጥኩት በሽንኩርት ጆንያ ሥር ተኝቼ ነው። እሱ ያኔ ነው አለኝ። ያኔ። ቃሏን ስትናገራት ቀላል ናት። ማርቆስ ግን ተነስቶ እጁን ጨበጠው፣ ይቅናህ ወንድሜ አለው፣ ከልቡ ነው፣ አውቀዋለሁ፣ ልዋዚ ከወጣ በኋላ ታዲያ እኔ ምን ላድርግ ስለው ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ፣ የምርጫ ወረቀቱን የምትይዢው አንቺ ነሽ አለኝ። ይህንን ብቻ።

ማሚ፣ ምን እያሰብሽ ነው? ምንም። ውሸትሽን ነው፣ ኤፍራታ ንቁ ናት፣ እሷ ቆርጣለች፣ የእሷ ምርጫ ዲኬሌዲ ናት፣ ጡረታ የወጣችው ነርስ፣ ፓርቲ የላትም፣ በግሏ ነው የቆመችው፣ መጀመሪያ ሁሉ ነገር የተዘጋ ጊዜ፣ ወታደር መንገድ ላይ ሲቆም፣ ለእርዳታው ምግብ አይዲ አምጡ ሲባል፣ ዲኬሌዲ የቤተ ክርስቲያኑን አዳራሽ ከፍታ ድስት ጣደች፣ ባቄላና ገንፎ፣ አይዲ አልጠየቀችም፣ ቤት ውስጥ ስንት ናችሁ ብቻ ነው የምትለው፣ ኤፍራታ ጭልፋ ይዛ እዚያ ነው የከረመችው፣ ከእኛ ሱቅ አጠገብ የምትሠራው ራዚያ፣ የስልጤዋ ራዚያ፣ ያኔ ልጆቿን ያበላችው ከዚያ ድስት ነው። ዛሬ ጠዋት ደወለችልኝ ራዚያ፣ ይህን ሁሉ ዓመት የጥገኝነት ወረቀቷን እያደሰች፣ ዜግነት ቀርቶ መኖሪያ እንኳ ያላገኘች ሴት፣ እህቴ የኔንም አብረሽ አድርጊልኝ አለች፣ ስቃ ነው፣ ስልኩን ስትዘጋ ግን እየሳቀች አልነበረም።

ገባን። አዳራሹ ቀዝቃዛ ነው፣ ወለሉ የኖራና የሳኒታይዘር ሽታ አለው፣ እጄ ላይ ይረጩልኛል፣ ቃጠሎው ደስ ይላል፣ ግድግዳው ላይ ልጆች የሳሉት ፕላኔት ተሰቅሏል፣ ከግድግዳው ሥር የፓርቲ ወኪሎች በየወንበራቸው፣ ደረታቸው ላይ ባጅ፣ ኤፍራታ አይዲዋን ሰጠች፣ ስሟ ተገኘ፣ ግራ እጇን ዘረጋች፣ ቀለሙን አውራ ጣቷ ላይ አሰመሩላት፣ ሁለት ወረቀት ይዛ ሄደች፣ ዞራ እንኳ ሳታየኝ፣ እንዲህ ቀላል ነው እንዴ፣ የኔ ልጅ፣ ልክ ዳቦ ገዝታ እንደምትሄድ። የኔ ተራ። ልጅቷ አይዲዬን አየች፣ ስሜን ጮክ ብላ አነበበች፣ ፊቤ አቢሶ፣ የአባቴ ስም በዚህ አዳራሽ፣ በዚህ ወንበር በሞላበት፣ እንደ ዘፈን አነበበችው፣ አዎ አልኩ፣ እኔ ነኝ፣

ቆይ።

ከግድግዳው ሥር ነው፣ የልዋዚ ፓርቲ ባጅ ያለው ሰውዬ ተነስቷል፣ ይህችን ሴት እቃወማለሁ አለ በእንግሊዝኛ፣ የውጭ አገር ሰው ናት፣ ጀፕ ብርድ ልብስ ስትሸጥ አውቃታለሁ። የጣቢያው ኃላፊ መጣች፣ መነጽሯ በማስኳ ትንፋሽ ደብዝዟል፣ አውልቃ በቀሚሷ ጠረገችው፣ ዜጋ እንዳልሆነች በምን አወቅህ አለችው በእርጋታ፣ አናግሪያትና አነጋገሯን ስሚ አላት። ወደ እኔ ዞረች። እሜቴ፣ ምን ይላሉ? እኔ ምን እላለሁ፣ እንግሊዝኛዬ ጥሎኝ ሄደ፣ ቀጥሎ የማውቃት ዙሉ፣ ከዚያ አማርኛው ራሱ፣ የቀረኝ የእናቴ ሀዲይኛ ብቻ ነው፣ ጆሮዬ ጋለ፣ ይህንን ግለት አውቀዋለሁ፣ ሃያ ዓመቴ ላይ ነው፣ አገር ቤት፣ ከሆሳዕና ወጣ ብሎ ባለው ቀበሌያችን፣ እንደዚሁ ተሰልፈን ነበር፣ አባቴ ከፊቴ፣ አባቴ ማንን እንደሚመርጥ ለማንም አልደበቀም፣ በገበያ ተናግሮታል፣ ድምፁን ሰጥቶ እየሳቀ ወጣ፣ የኔ ተራ ሳይደርስ ግርግር ሆነ፣ ጣቢያው ተዘጋ ተባለ፣ ሂዱ እቤታችሁ ተባልን፣ አባቴን ማታውን ወሰዱት፣ ተመልሶ መጣ፣ ተመስገን መጣ፣ ግን ከዚያ በኋላ ስለ ምርጫ ሲያወራ ከትንፋሽ በላይ አያወራም፣ በገዛ ቤቱ፣ ከብቱ ብቻ በሚሰማበት። እኔ ሳልመርጥ ቀረሁ። ሳልመርጥ አገር ለቀቅኩ። እና አሁን ደግሞ፣ እዚህም፣ ጌታዬ እዚህም?

ኤፍራታ የድምፅ መስጫውን የካርቶን መከለያ ትታ መጥታለች፣ ኤክስኪዩዝ ሚ፣ እናቴ እኮ ናት፣ ልትጮህ ነው፣ እጇን ያዝኩ፣ ዝም በይ ልጄ፣ እንዳያስወጡሽ።

አውቃታለሁ።

ከበሩ በኩል ነው የመጣው ድምፅ፣ አሁን ዞርኩ፣ ልዋዚ ነው፣ ገብቷል፣ ሰው ሁሉ ከፖስተሩ ያወቀው ፊት፣ ዓይኑ አይስቅም፣ ቶሎ አልተናገረም፣ አየሁት እኮ፣ ወኪሉን አየ፣ ሰዉን አየ፣ መሬቱን አየ፣ ሲያስብ ነበር፣ ምን እንደሚያጣ ያሰበ ይመስለኛል፣ ከዚያ ነው። ጎረቤቴ ናት አለ፣ በዙሉ፣ ቀስ ብሎ፣ ሁሉም እንዲሰማ፣ ዜጋ የሆነች ቀን ቤቷ ያደረስኳት እኔ ነኝ፣ ትምረጥ። ወኪሉ ግራ ገባው፣ ባባ፣ ፓርቲው እኮ ያለን፣ ሲል፣ ፓርቲው ብሎ ይሆናል አለ ልዋዚ፣ እኔ አላልኩም። ኃላፊዋ መነጽሯን አደረገች፣ ጌታው ሰልፍህን ጠብቅ አለችው ለልዋዚ፣ እዚህ ውስጥ የምትናገረው አንተ አይደለህም፣ ለወኪሉ ደግሞ፣ አይዲዋ ትክክል ነው፣ ስሟ መዝገቡ ላይ አለ፣ ተቃውሞህን አልተቀበልኩም፣ ተቀመጥ። ተቀመጠ። እንዲሁ። አንድ ሰው ተቀመጥ ስለተባለ ተቀመጠ፣ ማንም አልተመታም፣ ማንም ማታ አይወሰድም፣ የታጣፊ ወንበሯ አሮጊት አሮጌ እጇን ክንዴ ላይ አሳርፋ ሂጂ ልጄ አለችኝ። ይቅርታ እሜቴ፣ አለች ልጅቷ፣ ግራ እጅዎን። ዘረጋሁ። ቀለሙ ይቀዘቅዛል። ጣቴን ይዛልኝ ነው ያሰመረችው።

ካርቶን ግድግዳ። ብዕር፣ በክር የታሰረ። ሁለት ወረቀት። አንዱ ለሰፈሩ ሰው፣ አንዱ ለፓርቲ። እነሆ ስሙ፣ ልዋዚ፣ ከላይ ሁለተኛው፣ ዲኬሌዲ ደግሞ ወደ ታች፣ የፓርቲ ምልክት በሌለበት ባዶ ቦታ። እጄ ወደ ላይኛው ይሄዳል። አሁንማ ሁለት ሆነ፣ ባሌን አዝሎ አወረደው፣ እኔን ደግሞ እዚህ አስገባኝ፣ ይህቺን ብዕር እንድይዝ ያደረገኝ እሱ አይደለም ወይ፣ አንዲት መስቀል፣ ሁለት ጭረት፣ ምን ይጎድልብኛል፣ ማንም አያየኝ፣ ግን ልክ ማንም ስለማያየኝ ነው፣ እዚህ ውስጥ እኔ ብቻ ነኝ ብዬ ሳስብ ጠባብ መሰለችኝ፣ ቆይቼ ግን ሰው እየሞላት መጣ፣ ራዚያ አለች፣ የራዚያ ልጆች፣ ማላዊ ላይ ሽንኩርት ሥር ከጎኔ የተኛው ስሙን የማላውቀው ልጅ፣ ልዋዚ ጥሩ ሰው ነው፣ ጌታ ያውቃል፣ እሱ ቢሆን ራዚያን በር ላይ አይመልሳትም፣ ታስሮ የሚሄድ ሰው ቢያይ ያዝላል እንጂ፣ ነገር ግን የሚያዝለው አንድ ሰው ነው፣ ፖስተሩ ላይ ያለው ዓረፍተ ነገር ግን አያዝልም፣ ዓረፍተ ነገሩ ምክር ቤት ከገባ የሰው ፊት አይቶ የሚያመነታ ልብ የለውም፣ ልዋዚ በሩ ላይ ሲያመነታ አይቼዋለሁ፣ ዛሬ ዓረፍተ ነገሩን አሸነፈው፣ ነገስ? በየቀኑ እንዲያሸንፈው ነው የምልከው? የማመሰግነውን ሰው እንዲህ ያለ ቦታ ልልከው አልችልም። ይህ ውለታ ነው። ውለታ በእጅ ይመለሳል፣ በምግብ፣ ልጁ ሱቅ ሊሠራ ቢፈልግ በሥራ፣ ሲታመም ደረጃ በመውረድ፣ ይህቺ ወረቀት ግን የኔ ብቻ አይደለችም፣ ካልያዟት ሰዎች ጭምር ነው የተሰጠችኝ።

ዲኬሌዲ።

መስቀሉ ጠመመ፣ ሁለተኛው ጭረት ከሳጥኑ ሊወጣ ነበር፣ አልወጣም። ሁለተኛውን ወረቀት ለማን እንደሰጠሁ ለማርቆስም ለኤፍራታም አልነግርም፣ አንድ ነገር የራሴ ይሁን፣ አጠፍኩት፣ ኮሮጆው ጋ ሄድኩ፣ ከተትኩት፣ ድምፅ የለውም፣ እንዲህ ያለ ነገር ድምፅ ይኖረዋል ብዬ እጠብቅ ነበር መሰለኝ።

ውጭ ነን። ፀሐይ። ኤፍራታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች፣ ኩርፊያው የታለ፣ ማንን መረጥሽ አላለችኝም፣ አደገች ልጄ፣ ፎቶ እናንሳ፣ ጣትሽን ቀጥ አድርጊ፣ አነሳችን፣ ለራዚያ ላከችላት፣ ቀድመሽ ሂጂ አልኳት፣ አባትሽ ብቻውን ነው። እኔ አጥሩ ሥር ጃካራንዳው ጥላ ውስጥ ቆምኩ፣ ሐምራዊው አበባ ጫማዬ ላይ ይረግፋል፣ እጠብቃለሁ፣ ሄጄ ቢሆን ይሻል ነበር፣ ሳልነግረው መሄድ እችላለሁ፣ ሕጉ ምሥጢር ነው ይላል፣ ግን ነገ ጠዋት ታክሲው ውስጥ ስገባ በመስታወቱ ያየኛል፣ ያንን አልችለውም። ወጣ። ግራ አውራ ጣቱ ጠቁሯል እንደኔ። ሲሲ፣ አለኝ፣ ይቅርታ ስለሰውዬው። ቡቲ ልዋዚ፣ ወንድሜ፣ አመሰግናለሁ አልኩት። ለየቱ? ለሁለቱም አልኩት፣ ጥርን ሳልጠራው ገባው፣ ዓይኑን ሰበረ፣ አፈረ፣ ይህ ትልቅ ሰውዬ። አሁን ነው። አሁን ካላልኩ ሁልጊዜም አልልም።

ቡቲ፣ እኔ አልመረጥኩህም።

 ማስኩን ወደ አገጩ ዝቅ አደረገ፣ ሙሉ ፊቱን ካየሁት ቆይቷል፣ ሽበት አውጥቷል፣ ከፖስተሩ በላይ አርጅቷል። ዛሬ ጠዋት ሚስቴም ይህንኑ አለችኝ፣ አለ።

መጀመሪያ ሳቅ መሆኑን አላወቅኩም፣ ከሆዴ ነው የመጣው፣ እሱም ሳቀ፣ አጥሩን ተደግፎ፣ ሰልፉ ላይ ያሉ ሰዎች እስኪያዩን። ምን አለችህ ስለው፣ አንተን እወድሃለሁ ጓደኞችህን ግን አላውቃቸውም አለችኝ አለ፣ ዓይኑን ጠረገ፣ እኔም ዛሬ ውስጥ ሳያቸው፣ አለና አልጨረሰውም፣ አላስጨረስኩትም፣ ያ የራሱ ነው፣ ይሸነፍ ይሆናል፣ ያሸንፍም ይሆናል፣ አላውቅም። ቅዳሜ እንበላለን ኑ አልኩት፣ አንተም ሚስትህም ልጅህም። በርበሬ አለው? አለኝ። እቀንሳለሁ። እንግዲያው እንመጣለን አለ፣ ኮቱን አውልቆ ትከሻው ላይ ጣለና ቁልቁል ወረደ።

ቀለል አለኝ፣ ሰውነቴ ሁሉ፣ ሮኪ ጎዳናን ይዤ እሄዳለሁ፣ የተዘጉ ሱቆች፣ ጸጉር ቤቱ በር ላይ ጣታቸውን የሚያሳዩ ሴቶች፣ እኔም አሳየሁ፣ እልል አሉልኝ፣ ስልኬን አወጣሁ፣ አባቴ ጋ ደወልኩ፣ ሆሳዕና ወንድሜ ቤት ነው ያለው፣ ሰማንያ ሊሞላው ነው፣ አቤት አለ፣ አባ እኔ ነኝ ፊቤ፣ ደህና ናችሁ? ማርቆስ ደህና ነው? ደህና ነው፣ አባ ዛሬ መረጥኩ እኮ። እዚያ ማዶ ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ፣ ተነስቶ መሆን አለበት፣ በሩን ዘጋ። ዝም በይ ልጄ አለኝ በዚያ በትንፋሹ፣ ስልክ ነው፣ ስልክ ላይ አይወራም። አባቴ። ስንት ድንበር አልፌ፣ በሌላ አገር፣ በሌላ ዜግነት፣ ለእኔ ይፈራል አሁንም። አባ መንገድ ላይ ነኝ አልኩት፣ ሰው መሃል ነኝ፣ ጮክ ብዬ ነው የማወራው፣ ስማኝ፣ ዲኬሌዲ የምትባል ነርስ መረጥኩ፣ ማርቆስን ያተረፈው ጎረቤቴ ተወዳድሮ ነበር፣ ለእሱ አልሰጠሁም፣ አልሰጠሁህም ብዬም ፊት ለፊት ነገርኩት።

ስልኩ የተቋረጠ መሰለኝ። ወደ ጆሮዬ አስጠጋሁት። ይተነፍሳል።

ምንስ አለሽ? አለኝ።

ሳቀ አባ። ቅዳሜ ቤታችን ይበላል።

 የወንድሜ ከብት ይሰማኛል፣ የጎረቤት ውሻ ይሰማኛል፣ ሆሳዕና ዝናብ ላይ ነው መሰለኝ ቆርቆሮው ይሰማኛል፣ እና ከዚያ የአባቴ ድምፅ፣ ትንፋሹ ሳይሆን ድምፁ፣ የገበያ ድምፁ፣ ከሃያ ዓመት በላይ ያልሰማሁት።

እስቲ ድገሚልኝ አለኝ።

እደግምለታለሁ።